የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ወደ ገጠር ሲመጣ፦ የመንግሥት ተቋማት አስተያየት እና የአርሶ አደሩ ድርሻ

በአንድ የገጠር ቀበሌ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ነው ሲባል ሁለት ዓይነት ወሬ ይናፈሳል። አንዱ «መብራት ሊገባልን ነው» የሚል ተስፋ ሲሆን ሌላው «መሬታችን ሊወሰድ ነው» የሚል ስጋት ነው። በተስፋውና በስጋቱ መካከል ግን ብዙ ጊዜ ልብ የማይባል አንድ ደረጃ አለ። ይኸውም የመንግሥት ተቋማት በቀረበው ዕቅድ ላይ እያንዳንዳቸው ከየኃላፊነታቸው አንጻር አስተያየት የሚሰጡበት ጊዜ ነው። ማመንጫው አንዴ ከተተከለ ከሃያ ዓመት በላይ በቦታው ይቆያል፤ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ግን የሳምንታት ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ ተቋማቱ ምን እንደሚጠይቁ፣ ሕጉ ምን እንደሚል፣ አርሶ አደሩና የከተማው ነዋሪም ድምፃቸውን መቼና እንዴት ማሰማት እንደሚችሉ ያብራራል።

ማመንጫው ለምን ወደ ገጠር ይመጣል?

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁን እንጂ በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ መደገፍ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ችግር ያስከትላል። ፀሐይ በአንጻሩ በበጋው ወራት፣ ወንዞች በሚጎድሉበት ጊዜ፣ በርትታ ስለምትወጣ ለውኃ ኃይል ጥሩ አጋዥ ትሆናለች። አገሪቱን ከተለያዩ የኃይል ምንጮች ተጠቃሚ ለማድረግ የተያዘው ዕቅድም ከዚህ የመነጨ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 በጣሊያኑ ኤኔል ግሪን ፓወር የሚመራ ጥምረት በመተሐራ 100 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ለመገንባት ጨረታ አሸንፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የሳዑዲ ዓረቢያው አኳ ፓወር በሶማሌ ክልል ጋድ እና በአፋር ክልል ዲቼቶ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት ጣቢያዎችን ለመገንባት ተመርጧል። ያቀረበውም ዋጋ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ፕሮጀክቶቹ ግን በታሰበላቸው ጊዜ አልተጠናቀቁም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጨረታ ማሸነፍ ብቻውን ማመንጫ ተተከለ ማለት አይደለም። በመሆኑም ሥራው ቢዘገይ ወይም ቢቋረጥ የመሬቱ ዕጣ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የመሬቱን ስፋት ማወቅም ያስፈልጋል። በመሬት ላይ የሚተከል የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ለአንድ ሜጋ ዋት በግርድፉ ሁለት ሔክታር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ባለ 100 ሜጋ ዋት ጣቢያ 200 ሔክታር ያህል ይይዛል። አንድ ጥማድ ሩብ ሔክታር ነው ብንል 800 ጥማድ ማለት ነው። ቦታው የሚታረስ መሬት ከሆነና እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሔክታር ቢኖረው የ200 አባወራዎችና እማወራዎች ኑሮ ይነካል። ቦታው ድንጋያማ ጠፍ መሬት ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ይቀንሳል። የተቋማቱ አስተያየት ዋና ጥያቄም ይኸው የቦታ መረጣ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ደኅንነትን የሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ሲነደፉና ሲፈጸሙ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ያረጋግጣል። በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎችም ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብታቸው በአንቀጽ 44 ሰፍሯል።

እነዚህን መብቶች ወደ ተግባር የሚያወርደው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። በአዋጁ መሠረት ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከፌዴራሉ ወይም ከክልሉ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም። የኢንቨስትመንት ፈቃድ ወይም የሥራ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤትም ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ይህ ይሁንታ መገኘቱን የማረጋገጥ ግዴታ አለበት።

የአካባቢ ጥበቃ ተቋሙ የጥናቱን ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ አድርጎ አስተያየት መጠየቅ ይጠበቅበታል። በተለይም ፕሮጀክቱ በቀጥታ የሚነካቸው የማኅበረሰብ ክፍሎች የሰጡት አስተያየት በሪፖርቱና በግምገማው ውስጥ መካተቱን ማረጋገጥ አለበት። ከዚያም የሕዝብን አስተያየትና የባለሙያዎችን ሐሳብ መዝኖ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ከሦስት ውሳኔዎች አንዱን ይሰጣል። የመጀመሪያው ያለ ቅድመ ሁኔታ መፍቀድ፣ ሁለተኛው መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎች አስቀምጦ መፍቀድ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጉዳቱን በአጥጋቢ ሁኔታ ማስወገድ ካልተቻለ መከልከል ነው።

ከሦስቱ ውስጥ ለአርሶ አደሩ የተለየ ትኩረት የሚሻው ሁለተኛው ነው። በቅድመ ሁኔታነት የሰፈረ ነገር አልሚውን ያስገድዳል፤ በስብሰባ ላይ ተነግሮ በቃለ ጉባኤ ብቻ የቀረ ነገር ግን ማንንም አያስገድድም።

የትኛው ተቋም ምን ይጠይቃል?

የአካባቢ ጥበቃ ተቋም፦ ጥናቱ የተሟላ መሆኑን፣ ሌሎች አማራጭ ቦታዎች መታየታቸውንና ጉዳትን የመቀነሻ ዕቅዱ በጀትና ኃላፊ የተመደበለት መሆኑን ይመረምራል። ጣቢያው አገልግሎቱን ሲጨርስ ማን እንደሚያነሳው መጠየቅም የዚሁ ተቋም ድርሻ ነው። ፓኔሎቹ በአብዛኛው መስታወትና አልሙኒየም ቢሆኑም እርሳስን የመሰሉ ጎጂ ንጥረ ነገሮች በጥቂቱ ሊኖሩባቸው ስለሚችሉ ተሰባብረው ማሳ ላይ መቅረት የለባቸውም።

የመሬት አስተዳደር ተቋም፦ ቦታው የማን ይዞታ እንደሆነ በመዝገብና በካርታ ያጣራል። የግል ይዞታ፣ የወል ግጦሽ እና የመንግሥት መሬት ተለይተው መታወቅ አለባቸው። በካርታ ላይ ባዶ መስሎ የሚታይ ቦታ በተግባር የሦስትና የአራት ጎጥ ከብት የሚሰማራበት፣ ሣር የሚታጨድበት ሊሆን ይችላል።

ግብርና፦ የአፈሩን ለምነት፣ የመስኖ አቅሙን፣ ቀደም ሲል በተፋሰስ ልማት የተሠሩ እርከኖችን ይመለከታል። የፓኔሎቹ ገጽ የዝናቡን ውኃ ሰብስቦ በአንድ መስመር ስለሚያወርደው፣ የጣቢያው የውስጥ መንገዶችም ጎርፍ ስለሚመሩ፣ የውኃ መውረጃ ቦይ በአግባቡ ካልተሠራ ከታች ያለው ማሳ በቦረቦር ሊጎዳ ይችላል። ዋልካ አፈር በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ በመሆኑ የቋሚዎቹ አተካከልም የተለየ ጥንቃቄ ይሻል።

ውኃ፦ ፓኔሎች አቧራ ሲሸፍናቸው ኃይላቸው ስለሚቀንስ መታጠብ ይኖርባቸዋል። ውኃው ከየት ይመጣል? ሕዝቡ ከሚቀዳበት ጉድጓድ ነው ወይስ ከሌላ? በበጋ ወራት መልስ የሚሻ ጥያቄ ነው። በደረቅ ብሩሽ የማጽዳት ዘዴ መኖሩም መታወቅ አለበት።

ቅርስና የዱር እንስሳት፦ ቦታው የጥንት መቃብር፣ ፍርስራሽ ወይም ቅርስ ያለበት ከሆነ፣ አለዚያም ለፓርክ፣ ለደን ወይም ለእንስሳት መተላለፊያ የቀረበ ከሆነ የሚመለከታቸው ተቋማት አስተያየት ይሰጣሉ። በቁፋሮ ወቅት ቅርስ ቢገኝ ሥራው ቆሞ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ሲቪል አቪዬሽን፦ ጣቢያው ለአውሮፕላን ማረፊያ የቀረበ ከሆነ የፓኔሎቹ ነጸብራቅ በአብራሪዎች እይታ ላይ ችግር እንዳይፈጥር ይመረመራል።

የኃይል ዘርፍ ተቋማት፦ የኢነርጂ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የፈቃድና የደኅንነት ጉዳዮችን ሲመለከት፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የማስተላለፊያ መስመሩና የማከፋፈያ ጣቢያው የሚመነጨውን ኃይል መሸከም ይችሉ እንደሆነ ይፈትሻል። የማስተላለፊያ መስመሩ የሚያልፍበት መሬትም የራሱ ባለይዞታዎች ስላሉት ከጣቢያው ጋር አብሮ መታየት ይገባዋል።

«መብራት ይገባልናል?»

በሕዝብ ውይይቶች ላይ ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው። የትልልቅ ማመንጫዎች ኃይል በከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ብሔራዊ የኃይል ቋት ይገባል። ስለዚህ ከጣቢያው አጥር ሥር ያለ መንደር በራሱ ጊዜ መብራት አያገኝም። ለመንደሩ ኃይል የሚያደርሰው ሌላ ሥራ ነው፤ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና የዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመር ይፈልጋል፤ ኃላፊነቱም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው።

የከተማው ነዋሪም ቢሆን በአቅራቢያው ጣቢያ ስለተተከለ ብቻ የመብራት መቆራረጥ ይቆማል ብሎ መጠበቅ የለበትም። መቆራረጡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከስርጭት መስመሩ እርጅናና ጫና ነው። በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች መብራት እንዲያገኙ ከተፈለገ ጉዳዩ ከፕሮጀክቱ ጋር ተያይዞ፣ በጀቱና የጊዜ ሰሌዳው ተጠቅሶ፣ በጽሑፍ መስፈር አለበት። አለዚያ ተስፋው ተስፋ ሆኖ ይቀራል።

ጠንካራ አስተያየት ምን ይመስላል?

የተቋማት አስተያየት ሁሉ እኩል ክብደት የለውም። «ፕሮጀክቱ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሊቀነስ ይገባል» የሚል አስተያየት ስህተት ባይሆንም የሚያስገድደው ነገር የለም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የጣቢያው አጥር ከመንደር ወደ ምንጭ የሚወስደውን የከብት መንገድ ይዘጋል እንበል። ደካማው አስተያየት «የከብት መንገድ ይታሰብበት» ይላል። ጠንካራው ግን መንገዱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ስፋቱ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ አጥሩ ከመታጠሩ በፊት ተለዋጭ መንገድ ተከፍቶ በቀበሌው አስተዳደር መረጋገጥ እንዳለበት ይገልጻል። የመጀመሪያውን አልሚው በቀና ልብ ቢያነበው እንኳ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ሁለተኛውን ግን ማንም ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ መፈጸሙንና አለመፈጸሙን ማየት ይችላል።

ከዚህ በመነሳት ጥሩ አስተያየት አምስት ነገሮችን ይይዛል፤ ጉዳቱ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚደርስ፣ ማንን እንደሚነካ፣ ምን መደረግ እንዳለበት፣ መቼና በማን እንደሚረጋገጥ። አርሶ አደሩ ለባለሙያው የሚሰጠው መረጃ በዚህ መልክ ከቀረበ ወደ ፈቃዱ ሁኔታ የመግባት ዕድሉ ይሰፋል። የትኛው ማሳ በየትኛው ወር በጎርፍ እንደሚጥለቀለቅ፣ የትኛው ምንጭ በሚያዝያ እንደሚደርቅ ከአርሶ አደሩ የተሻለ የሚያውቅ ባለሙያ የለም።

የአጥሩ ውስጥ መሬትም ሙሉ በሙሉ ከጥቅም ውጭ መሆን አይኖርበትም። በአውሮፓና በአሜሪካ በፓኔሎች ሥር የሚበቅለውን ሣር በጎችን በማሰማራት ማስጋጥ የተለመደ ነው። ፍየሎች ስለሚንጠላጠሉና ሽቦ ስለሚያኝኩ፣ ከብቶችም ቋሚዎቹን ስለሚያሹ በግ ተመራጭ ሆኗል። ንብ ማነብና ሣር አጭዶ መውሰድም ይቻላል። ይህ እንዲሆን ግን የፓኔሎቹ ከፍታና በረድፎቹ መካከል ያለው ርቀት ገና ሲነደፍ መታሰብ አለበት። ከተተከለ በኋላ ከፍ ማድረግ አይቻልም።

ስለ ካሳ መታወቅ ያለበት

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። አዋጁ ሲወጣ ካስቀመጣቸው ዋና ዋና ነጥቦች መካከል ባለይዞታዎች መሬቱን ከመልቀቃቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት እንዲያውቁና እንዲወያዩ ማድረግ ይገኝበታል። በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት የሚከፈለው ካሳ ንብረቱን እንደገና ለመተካት የሚያስችል እንዲሆን ይጠይቃል። ለዘለቄታው የሚነሳ የገጠር ባለይዞታ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካላገኘ፣ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ የልማት ተነሺ ካሳ ይከፈለዋል። የወል መሬት ተጠቃሚዎችም ላጡት ጥቅም ካሳ እንደሚያገኙ አዋጁ እውቅና ይሰጣል።

አዋጁ ከወጣ በኋላ ማሻሻያ የተደረገበት በመሆኑ፣ ካሳ የሚመለከተው ሰው በሥራ ላይ ያለውን ሕግና የክልሉን ደንብ ከወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል።

በተግባር ሲታይ የካሳው ልክ የሚወሰነው በማስረጃ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ያልታደሰ፣ ውርሱ ያልተላለፈ፣ ወሰኑም የሚያከራክር ከሆነ ካሳው ሲሰላ ችግር ይፈጠራል። የሦስት ዓመቱ ምርት በምን ዋጋ እንደተሸጠ የሚያሳይ መረጃም ዋጋ አለው።

ከሌሎች አገሮች የሚወሰድ ትምህርት

በኬንያ ቱርካና ሐይቅ አካባቢ የተተከለው ባለ 310 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2019 ተመረቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021፣ የአገሪቱ የአካባቢና የመሬት ጉዳዮች ፍርድ ቤት የ150 ሺህ ኤከር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሕጉ የሚያዘውን ሥርዓት ሳይከተል የተሰጠ ነው ሲል ወሰነ። ተርባይኖቹ እየተሽከረከሩ ሳለ የመሬቱ ጉዳይ ገና በችሎት ነበር። በዚያው በኬንያ ኪናንጎፕ በተባለ አካባቢ የታቀደው የ60 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ፕሮጀክት ደግሞ አርሶ አደሮች በመሬት ጉዳይ ባነሱት ተቃውሞ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 ተቋረጠ።

በግብፅ አስዋን አቅራቢያ የሚገኘው የቤንባን የፀሐይ ኃይል ማመንጫ በአንጻሩ ያረፈው 37 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን በረሃ ላይ ነው። ለእርሻ የሚውል መሬት ሳይነካ ከአፍሪካ ትልልቅ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሊሆን ችሏል። ሦስቱ ልምዶች ሲነጻጸሩ የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፤ የቦታ መረጣና የሕዝብ ውይይት በወቅቱ ካልተከናወኑ ኪሳራው ለአርሶ አደሩ ብቻ ሳይሆን ለአልሚውና ለአገሪቱም ይተርፋል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

አንደኛ፣ ዕቅዱ እንደተሰማ የቀበሌውን አስተዳደር የፕሮጀክቱን ስም፣ አልሚውን፣ ስፋቱንና ካርታውን መጠየቅ። ሁለተኛ፣ የጥናቱ ሪፖርት የት እንደሚገኝና አስተያየት እስከ መቼ እንደሚቀበሉ ከወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ፤ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ፍሬ ሐሳቡ በአካባቢው ቋንቋ እንዲብራራ መጠየቅ።

ሦስተኛ፣ የይዞታ ደብተርን ማደስ፣ ወሰንን ማስተካከል፣ ያልተላለፈ ውርስን ማስተላለፍ። አራተኛ፣ በስብሰባ የተነገረውን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ማስገባት፤ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ይዞ መውጣት፤ ቅጂውንም ማስቀመጥ። ሴቶች፣ ወጣቶችና መሬት የሌላቸው ነዋሪዎች አስተያየታቸውን ለብቻቸው ማስገባት ይችላሉ። ማገዶ የምትለቅመው ወይም በግጦሹ ላይ ጥጃ የምታረባው ሴት የምታጣው ነገር በይዞታ ደብተር ላይ አይገኝም።

አምስተኛ፣ ፈቃዱ ሲሰጥ የተቀመጡትን ቅድመ ሁኔታዎች ቅጂ መጠየቅና አፈጻጸማቸውን መከታተል። ስድስተኛ፣ ቅሬታ ካለ በጊዜው ማቅረብ። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት በተሰጠው ይሁንታ ወይም በክትትሉ ያልተደሰተ ማንኛውም ሰው ለአካባቢ ጥበቃ ተቋሙ ኃላፊ ቅሬታውን ማቅረብ ይችላል፤ ኃላፊውም ቅሬታው በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ መስጠት ይኖርበታል። መሬት እንዲለቀቅ የተሰጠ ትእዛዝን የሚቃወም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 በተደነገገው የ30 ቀን ጊዜ ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ማመልከት አለበት። ቀኑ ካለፈ መብቱም አብሮ ሊያልፍ ይችላል።

የፀሐይ ኃይል ለአገሪቱ ያስፈልጋል። ገና ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ የኤሌክትሪክ ኃይል በማያገኝበት አገር ማመንጫ መትከል ቅንጦት አይደለም። የሚያከራክረው ማመንጫው የትና በምን ሁኔታ ይተከል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ፈቃዱ ከመፈረሙ፣ አጥሩም ከመታጠሩ በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ አንዲት ገጽ በጊዜው የገባች ማመልከቻ ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ከሚከፈት ክርክር ትበልጣለች።